ለእትዬ የሺ የተሰጡት አምስት ልጆች

ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ሰፈር ሰው ሲሞት ሦስት ነገር ይፈለጋል፤ የእድሩ ድንኳን፣ ቄስና አቶ ይገዙ። ድንኳኑን ወጣቶቹ ይተክሉታል፣ ቄሱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፣ አቶ ይገዙ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባሉ። ጽፈው የሚያመጡትም እሳቸው ናቸው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ግን ከዚያ ቁመት የማይጠበቅ ግርማ ያለው። ሰፈሩ ውስጥ ገና ጉንፋን እንኳ ያልያዛቸው ሴቶች «እኔስ ብሞትም ግድ የለኝም፣ ብቻ ይገዙ ያንብብልኝ» ሲሉ ይሰማል። እሳቸውም «ኧረ ኑሩልን» ይላሉ እንጂ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉበትም።

የድሮ አሠራራቸው እንዲህ ነበር። መርዶው እንደተሰማ ካፖርታቸውን ደርበው ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሟቹን የቅርብ ሰዎች ተራ በተራ ይጠይቃሉ። የትውልድ ዘመንና ቦታ ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ ማንን ይወድ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ ማን አስታመመው ይላሉ። ጽፈው፣ ሰርዘው፣ ተመልሰው ጠይቀው ሲጨርሱ ወረቀቱ የሐኪም ማዘዣ ይመስላል። ሲያነቡት ግን አንድ ስም አይስቱም ነበር። የደከሙበት ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር ከማን አፍ እንደመጣ ያውቁታል።

ኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃቸው ሳሌም ይህን አይታ ላፕቶፕ ገዛችላቸው። አዲስ አይደለም፤ አዲሱን የሷ ደሞዝ አይደርስበትም። ውጭ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ተገልግሎበት ያስወገደው፣ እዚህ ተጠርጎና ተጠግኖ የሚሸጥ ነው። ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይለዋል፤ አቶ ይገዙ «ሰልባጅ ነው በይኛ» ብለው ሳቁ። ሳሌም ግን በዋዛ የምትታለል ልጅ አይደለችም። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫነች ሞከረች፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈለገች፣ ቻርጀሩን ሰክታ ነቅላ አየች፣ የድሮውን ዲስክ አስወጥታ ፈጣኑን አስገጠመች። ባትሪው ብቻ ነው የደከመው፤ ከሶኬት ሲነቀል እንደ ሽማግሌ ወዲያው ያንቀላፋል። እሱንም አውቃ ነው የገዛችው፤ አባቷ ከቤት ይዘውት አይዞሩም ብላ።

ቤት ስትገባ የቀድሞውን ባለቤት ኮተት ሁሉ አጠፋች፣ አዲስ የይለፍ ቃል አበጀች፣ የአማርኛ መጻፊያ ጫነች፣ ፊደሉን አተለቀችላቸው። የጻፉትን ሁሉ ፍላሽ ላይ እንዲያስቀሩ፣ ፍራሽ ላይ አድርገው አየር እንዳያሳጡት አስጠነቀቀቻቸው። ሚስታቸው ብርቅነሽ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሳው ነበርና እሱም ተነሳ። አቶ ይገዙ በሁለት ጣት እየለቀሙ የገዛ ስማቸውን ሲጽፉ ሰነበቱ። ከዚያ የእድሩን ማስታወቂያ ጻፉ፣ ከዚያ ለወረዳው የሚሄደውን አቤቱታ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኩን። ዊንጌት ካለው ማተሚያ ሱቅ የሟቹ ፎቶ ከላይ ገብቶበት ሲወጣ እውነትም ያምር ነበር። በፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ የሰቀለም አለ። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው።

ሰው ግን ሲመቸው አያርፍም። ሳሌም አንድ ቀን፣ አንዱን ጽሑፍ ገልብጦ እላዩ ላይ መሥራት እንደሚቻል፣ አንድን ስም ከገጹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀይር ብሎ ማዘዝም እንደሚቻል አሳየቻቸው። ለእድሩ ማስታወቂያ ብላ ነው። አቶ ይገዙ ግን ነገሩን ወደ ሙታን ወሰዱት።

«ሰው እንደሆነ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይታመማል፣ በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ያርፋል፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ።

«አሟሟቱማ አንድ ነው፤ አኗኗሩ ነው እንጂ» አለች ብርቅነሽ።

አልሰሟትም። ለቅሶ ቤት መሄዱን አልተዉም፤ ይሄዳሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ንፍሯቸውን ቆርጥመው ይመለሳሉ። የተዉት መጠየቁን ነው። ስልክ ደውለው ዘመኑንና ቦታውን ይይዛሉ፣ የቀረውን ላፕቶፑ ይጨርሰዋል።

ወይዘሮ ወለተማርያም ያረፉ ጊዜ የጻፉት ከሁሉም ያማረ ነበር። ወለተማርያም አግብተው፣ አምስት ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ቢኒያም ንባቡ ሲያልቅ የአቶ ይገዙን እጅ ይዞ አለቀሰ። አቶ ይገዙም ያችን ጽሑፍ «የሴት» የሚል ስም ሰጥተው ለብቻዋ አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ ሴት ስትሞት ከሷ ላይ ነው የሚቀዱት።

እትዬ የሺ ያረፉት ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ የሺን የማያውቅ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የለም። ፈታይ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ይውላሉ፤ «የየሺ ፈትል» ተብሎ በስሙ ይፈለግ ነበር። በልጅነታቸው ተድረው፣ ልጅ አልመጣም ተብሎ ባላቸው ፈቷቸው ሌላ አገባ። ክርስትና ቤት ሴቶቹ ስለ ምጥ ማውራት ሲጀምሩ እትዬ የሺ ሥራ እንዳለበት ሰው ተነስተው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ሰፈሩም ያውቃል፣ አያነሳባቸውም። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የነበረች ሴት ሞታ ሕፃን ልጇ ሩታ ስትቀር ግን፣ ማንም ሳይጠራቸው አንስተው አዘሏት። አሳደጓት፣ አስተማሯት። ሩታ አድጋ ሽሮ ሜዳ ነጠላ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች። እትዬ የሺ ሲታመሙ ያጠበቻቸው ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ይሁንና ወረቀት የለ፣ የሥጋ ዝምድና የለ፤ ሰው ሲጠራት «እትዬ የሺ ጋ ያለችው ልጅ» ነው የሚላት።

እትዬ የሺ ሲሞቱ ወንድማቸው አቶ መሳይ ከደብረ ብርሃን መጡ። የሐዘንተኛው ቦታ የሳቸው ሆነ። ሩታ ከሚያስተናግዱት ሴቶች ጋር ወጥ ቤት ገባች፤ ነይ ተቀመጪ ያላት የለም። አቶ ይገዙ አቶ መሳይ ጋ ደውለው የትውልድ ዘመንና ቦታ ያዙ። አበቃ።

በቀብሩ ዕለት ማለዳ ሩታ አቶ ይገዙ ቤት መጣች። እሳቸው ላፕቶፑ ላይ አቀርቅረዋል። መብራት ሄዷል፣ የባትሪው ምልክት ቀልቷል፣ ማተሚያ ሱቁ ሳይጨናነቅ መድረስ አለባቸው። ወለተማርያም የሚለውን ሁሉ የሺ በል ብለው አዘው፣ መሣሪያው በቅጽበት ሲታዘዝላቸው እያዩ በልባቸው ይደነቃሉ። ሩታ በሩ ላይ ቆማ ቀስ ብላ ተናገረች። ረዘም ያለ ነገር ነው የተናገረችው። አቶ ይገዙ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ገባኝ» አሉ።

«አደራ፣ ጋሽ ይገዙ» አለች።

«ገባኝ አልኩሽ እኮ!»

ሄደች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አቶ ይገዙ ላፕቶፑ ሳይጠፋባቸው ጽሑፉን ፍላሽ ላይ አደረጉ፣ አሳተሙ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አላነበቡትም። የእጅ ጽሑፍ ቢሆን ሥርዝ ድልዙ ራሱ አንብበኝ ይላቸው ነበር፤ ይኼ ግን ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆመ። አቶ ይገዙ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ስሙ ልክ ነው። ዘመኑ ልክ ነው። ቦታው ልክ ነው። ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ዓይናቸው ከአፋቸው ቀድሞ የሚመጣውን መስመር አየ፤ አፋቸው ግን የለመደውን መንገድ ሄደ።

«... ወይዘሮ የሺ ከውድ ባለቤታቸው ጋር በመሠረቱት የሰመረ ትዳር አምስት ልጆችን አፍርተዋል። ልጆቻቸውም ቢኒያም...»

እዚያ ላይ ቆሙ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ «የማንን ነው?» አለች። ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ ሳቁን ለማፈን አሳለ። ቢኒያም ራሱ ከሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበርና ከፊት ነው የቆመው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሽ ይገዙ፣ የእናቴን እኮ ነው የሚያነቡት» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ያልሰማ የለም።

አቶ ይገዙ ወረቀቱን ገለበጡ፣ መለሱ፣ እንደገና ገለበጡ። የሚያነቡት አንድም ሌላ መስመር አልነበራቸውም። በመጨረሻ ወረቀቱን ትተው «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ብለው ዘጉት። አሜን የሚለው ድምፅ ሳስቶ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዕድሜዋን ሙሉ ልጅ አልወለደችም እየተባለች የተሸማቀቀችን ሴት፣ ከነሳጥኗ በሕዝብ ፊት የአምስት ልጆች እናት ብለው ዘበቱባት። የወለተማርያምንም ሕይወት ለሌላ ሰው አለበሱት። ሩታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። የተቆጣች አትመስልም፤ አሁንም የሚጨምሩት ነገር እንዳላቸው ሁሉ አፍ አፋቸውን ታያለች። አቶ ይገዙ ያን አስተያየት ያዩት በዓይናቸው ጠርዝ ነው፤ ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም።

ከግቢው ሲወጡ የእድሩ ሊቀመንበር ክንዳቸውን ያዟቸው። «ምን ነካህ ይገዙ?»

«ኮምፒውተሩ ነው» አሉ አቶ ይገዙ። ቃሉ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። «ያገለገለ ዕቃ አይደል፣ የድሮውን ካዲሱ ቀላቀለብኝ።»

ሊቀመንበሩ አመኗቸው። አጠገባቸው ያሉት አመኗቸው። ለቀስተኛው ንፍሮ ላይ ሳይደርስ ወሬው ደረሰ፤ «ምስኪን፣ ያ ሰልባጅ ኮምፒውተር ጉድ ሠራው» ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ግን የሚፈሩት አህያም ራሳቸው አቶ ይገዙ ነበሩ።

ውሸቱ ያሳርፈኛል ብለው ነበር። አላሳረፋቸውም። በሐዘኑ ቀናት ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ሰው ከአቶ መሳይ ይልቅ እሳቸውን ያጽናና ነበር። «አይዞህ፣ የማሽን ነገር ነው፣ በኛም መሥሪያ ቤት ይኸው ነው» ይሏቸዋል። አጽናኝ በመጣ ቁጥር ጆሯቸው ድረስ ይቀላሉ። አንዴ ሩታ ውኃ ይዛ እየዞረች ፊታቸው ደረሰች። «ይጠጡ፣ ጋሽ ይገዙ» አለች። በአክብሮት፣ በሁለት እጇ ነው የሰጠቻቸው። ጠርሙሱን ተቀበሉ እንጂ አንድ ጉንጭ አልወረደላቸውም። ብትሰድባቸው በስንት ጣዕሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ በጓሮ መሄድ ጀመሩ፤ ባርኔጣቸውን ቅንድባቸው ድረስ ያወርዱታል። ቢኒያምን ከሩቅ ሲያዩ የማያውቁት ሱቅ ገብተው ክብሪት ይገዛሉ።

በሰንበቱ ሳሌም መጣች። ወሬውን ሰምታለች። ሳትቀመጥ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ መክተት ያዘች፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ነው።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ።

«ለሰውዬው ልመልስለታ! አጽድቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም ብሎኝ! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አባዬ። ርካሽ ነገር ገዝቼ በሰው ፊት አዋረድኩህ።»

አቶ ይገዙ ይህን አላሰቡትም ነበር። የወረወሩት ውሸት ልጃቸው ላይ ያርፋል ብለው አልጠረጠሩም። አሁን ግን ጥርሷን ነክሳ ለስጦታዋ ስታፍር አዩ።

«ተይው» አሉ።

«እንዴት እተወዋለሁ? ሱቁን በጩኸት ነው የማፈርስለት!»

«ተይው አልኩሽ፣ ሳሌም። መሣሪያው ምንም አላጠፋም። ስሙን ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። ሌላ ምንም አላልኩት። እኔ ነኝ ሳላነብ የሄድኩት። የሰው ልብስ ነው ያለበስኳት።»

ሳሌም ቦርሳውን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ ለሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ነው ያልከው...» ብላ አልጨረሰችውም። ላፕቶፑን አውጥታ ቦታው መለሰችው፣ ገመዱን ጠቅልላ አጠገቡ አስቀመጠችው። አቶ ይገዙ በስልሳ ምናምን ዕድሜያቸው ብዙ ሰው ተቆጥቷቸዋል፤ እንደዚህ ዝምታ ያዋረዳቸው ግን አልነበረም።

ከጓዳው በር ላይ ብርቅነሽ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ለመሆኑ ያን ለት ጠዋት ሩታ ምን ልትልህ ነበር የመጣችው?» አለች።

አቶ ይገዙ አፋቸውን ከፈቱ። አሰቡ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ነገር ተናግራለች፤ ከዚያ ሁሉ በጆሯቸው የቀረችው አንዲት ቃል «አደራ» የምትለው ናት። ምኑን አደራ? አያውቁትም። አልሰሟትማ። እስካሁን ያፈሩት ስላነበቡት ነበር፤ አሁን ደግሞ ስላልሰሙት አፈሩ፤ ይኼኛው ባሰ።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በሳሌም ቦርሳ አንግተው ታክሲ ተሳፍረው ሽሮ ሜዳ ወረዱ። ሩታ የምትሠራበትን ሱቅ ደጃፍ ሁለቴ አልፈው ሄዱ። በሦስተኛው ገቡ። ሩታ ጋቢ እያጣጠፈች ነበር፤ ሲያዩዋት ከስታለች። ብድግ ብላ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም።

«ሩትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ምንም አይደል፣ ጋሽ ይገዙ። ኮምፒውተሩ ነው አሉ።»

«አይደለም። ዋሽቼ ነው። ኮምፒውተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ።» ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ያን ለት ጠዋት የነገርሽኝን አልሰማሁሽም። ገባኝ አልኩሽ እንጂ... እ... ማለቴ፣ አንድ ቃል አልሰማሁም። ካላስቸገርኩሽ እንደገና ንገሪኝ» አሉ።

ሩታ ጋቢውን አጥፋ ጨረሰች። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እምቢ ልትላቸው ነው ብለው ጠበቁ፤ ብትላቸውም አይፈርዱባትም ነበር። ሩታ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ላፕቶፑን ከፈቱ፤ ወዲያው ሊጠፋ ሆነ። ከሁሉ በፊት ሶኬት መለመን ነበረባቸው። ሩታ አምፖሉን ከሱቁ ብቸኛ ሶኬት ነቅላ ሰካችላቸው። በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ፣ «ቆይ፣ ቆይ ልጄ» እያሉ ጻፉ። እሷም ቆም እያለች ጠበቀቻቸው።

ኩፍኝ ታማ ሳለች እትዬ የሺ ግድግዳ ተደግፈው፣ እሷን ደረታቸው ላይ አስተኝተው እንደከረሙ ነገረቻቸው። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስትባል የጥምቀት ቀሚሳቸውን ለብሰው እንደሚሄዱ፣ የወላጅ ፊርማ በሚለው ላይ አውራ ጣታቸውን አጥብቀው እንደሚጫኑ፣ ቀለሙንም ቶሎ እንደማይታጠቡት ነገረቻቸው። ለሰው የሚሸጡትን ሲፈትሉ ያወሩ እንደነበር፣ ለሷ ነጠላ ሲፈትሉ ግን ዝም እንደሚሉ ነገረቻቸው። በመጨረሻ ወደ ሕመማቸው መጣች።

«ያን ለት ልነግርዎት የመጣሁት የሷን ቃል ነው። ከመሞቷ በፊት ‹ይገዙ ሲያነብ ስምሽን ይጥራው፣ ልጅ እንደነበረኝ ሰው ይስማ› ብላኝ ነበር። ‹ንገሪው፣ እሱ ቃል አይጥልም› አለችኝ።»

አቶ ይገዙ ጣታቸው ፊደሉ ላይ ቀረ። ከዚያ መጻፋቸውን ቀጠሉ። እንዲህም ሆኖ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና፣ ወሳኙ መስመር ላይ ሲደርሱ የኖሩበት ጥንቃቄ መጣባቸው። አንዴ ተሳስተዋል፤ ሁለተኛ እንዲሳሳቱ አይፈልጉም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በትሕትና ጠየቋት።

«እዚህ ላይ፣ ለትክክለኛነቱ ያህል ነው፣ ‹ያሳደጓት› ልበል ወይስ ‹ልጃቸው›?»

ሩታ አየቻቸው።

«ጋሽ ይገዙ፣ ያን ለት አምስት ልጅ ሲሰጧት ማንንም አልጠየቁም ነበር።»

አልጮኸችም። ደንበኛ ገብታ ስለ ጥለት ጠየቀችና ሩታ ተነስታ ሄደች። አቶ ይገዙ ጨለም ባለው ሱቅ ውስጥ ስክሪኑን እያዩ ቀሩ። ፊታቸው ነደደ፤ ለመሣሪያው እንኳ ያፈሩ ይመስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ልጃቸው» ብለው ጻፉ። ቤታቸው እስኪደርሱ አንገታቸውን አላቀኑም።

ያን ጽሑፍ አሳትመው ደጋግመው አነበቡት። «የሴት» ያሏትን ከላፕቶፑም ከፍላሹም አጠፉ። ቢኒያምን ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ለመኑት፤ «አይ ጋሽ ይገዙ፣ የማሽን ነገር...» ሲላቸው እውነቱን ነገሩት፤ ቢኒያምም ዝም አለ። እስከ እትዬ የሺ አርባ ድረስ ይህን ዝምታ ከየሰዉ ለምደውት ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን አይለመድም።

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ተዝካሩ ሊበላ ሲል አቶ ይገዙ ተነሱ። ሩታ የእጅ መታጠቢያ ጆግ ይዛ በወንበሮቹ መሐል ትዞራለች።

አቶ መሳይ ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። «ደግሞ ምን ልታነብ ነው? አርባ ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበባል እንዴ?»

«አይነበብም» አሉ አቶ ይገዙ። «በጊዜው ስላበላሸሁት ነው። አንዴ ብቻ ታገሱኝ።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። ያ የለመዱት ግርማ ድምፅ አልመጣላቸውም፤ የመጣው ተራ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«በቀብሩ ዕለት ያነበብኩላችሁ የእትዬ የሺ ሕይወት አልነበረም። የወይዘሮ ወለተማርያም ነበር። ኮምፒውተሩ ነው ብያችሁ ነበር፤ ዋሽቻችኋለሁ። ከሌላ ገልብጬ፣ ስም ለውጬ፣ ሳላነብ ነው የመጣሁት። ያን ለት ጠዋት እውነቱን ልትነግረኝ ቤቴ ድረስ የመጣች ሰው ነበረች። አልሰማኋትም።»

ከእንግዲህ የሕይወት ታሪኩን እንዲያነቡለት የሚፈልግ ሰው ከዚያ ድንኳን ውስጥ እንደማይኖር አቶ ይገዙ እየተናገሩ ገባቸው። ሳሌም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ማንበብ ጀመሩ። እንዝርቱን፣ ኩፍኙን፣ አውራ ጣቱን አነበቡ። ውድ ባለቤትም፣ የሰመረ ትዳርም አልነበረበትም።

«... ወይዘሮ የሺ የአንዲት ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸው ሩታ ትባላለች። ሲታመሙ ያስታመመቻቸው፣ ዓይናቸውንም የከደነችላቸው እሷ ናት።»

ሩታ ጆጉን እንደያዘች ባለችበት ቆማ ቀረች። እጁን ዘርግቶ ውኃ የሚጠብቀው ሰውዬም እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ብርቅነሽ ተነስታ ሄደችና ጆጉን ከእጇ ወሰደችው።

«አምጪ። አንቺ ግቢና ተቀመጪ፤ የእናትሽ ተዝካር ነው።»

አቶ መሳይ ከተቀመጡበት ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። ሩታ ሄዳ ተቀመጠች። ድንገት «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ደረቷን እየደቃች፣ በስማቸው እየጠራች፣ ልጅ እናቷን እንደምታለቅሰው አለቀሰች፤ ሴቶቹም ተነስተው ከበቧትና አብረዋት አለቀሱ። አቶ ይገዙ ወረቀቱን ይዘው በቆሙበት ሰሙት። የቀብሩ ዕለት መለቀስ የነበረበት ለቅሶ ነው፤ አርባ ቀን ሙሉ በሆዷ አፍነው ያስያዟት እሳቸው ናቸው።